የረሂማ ሉህ

አብዱልቃድር የማሽኗን ድንጋይ የሚቀይረው ሁልጊዜ ዓርብ፣ ከጁሙዓ ሶላት መልስ ነበር። በዚያ ሰዓት ሱቁን አይከፍትም። ቤቱ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ የመኝታ ክፍሉን በር ከውስጥ ዘግቶ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ሁለት ቀጫጭን አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች በቀኝ እጁ በኩል ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ነው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን፣ መዳፍ የምታክለውን አሮጌ የእጅ ኮምፒውተር የሚያወጣት።

በዚያን ጊዜ በሩን ማንም አያንኳኳበትም። አሮጌዎቹ ድንጋዮች ወጥተው አዲሶቹ እስኪገቡ ድረስ ማሽኗ የያዘችውን ይዛ የምትቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እጁ ከዘገየ፣ አንዷ ድንጋይ ከጣቱ አምልጣ ወለሉ ላይ ከተንከባለለች፣ በሆዷ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በሆዷ ያለው ደግሞ አንድ ገጽ ነው፤ የሞተችው ሚስቱ ረሂማ በገዛ እጇ የጻፈችው። ከረሂማ ጽሕፈት በዚህ ዓለም የቀረው ያ ብቻ ነበር።

የደብረ ታቦር ሰው አብዱልቃድርን በሬዲዮና በሰዓት ሠሪነቱ ያውቀዋል፤ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ ስለ ምላሱ ግን እንዲህ የሚል የለም። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ዕቃውን ሳያይ በፊት፣ «ማን ነካካው?» ብሎ ይቆጣል። ነካክቶ ያበላሸው ባለቤቱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ያቺን ማሽን ሲይዝ ግን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚይዛት፤ ይህን ያዩት ልጁ ሶፊያና አማቱ ኑሪያ ብቻ ናቸው።

ማሽኗ የመጣችው ሶፊያ ከመወለዷ በፊት ነው። ረሂማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አብዱልቃድርን አግብታ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ፣ ከውጭ የመጣ አንድ የጥናት ቡድን ከቤት ቤት እየዞሩ የዓይን ሕመምተኞችን የሚመዘግቡ ወጣቶች ቀጠረ። ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ሳይሆን የእጅ ኮምፒውተር ሰጣቸው። ማሽኗ ሁለት ድንጋይ ትጎርሳለች፤ ፊቷ አመድማ አረንጓዴ ነው፤ ጎኗ ላይ የተሰካች ቀጭን የፕላስቲክ ብዕር አለቻት። የሰው የእጅ ጽሕፈት ታነባለች ተባለ።

ነገሩ ውሸት አልነበረም፣ ግን ሙሉ እውነትም አልነበረም። የምታነበው የፈረንጁን ፊደል ነው፤ እሱንም እሷ በፈለገችው አኳኋን ከተጻፈላት። እያንዳንዱ ፊደል ብዕር ሳይነሣ ባንድ ጭረት መሳል አለበት። ኤ መሐሏ ላይ የምትጋደመው መስመር ትቀርና ጣሪያ ብቻ ትሆናለች። ቲ ወደ ጎን ሄዳ ወደ ታች ትወርዳለች። ማሽኗ የሰውን እጅ ትማራለች ሲባል፣ ሰው የማሽን እጅ ተምሮ አረፈው። ይህን ያሰበው ሰው ብልጥ ነበር፤ የከበደውን ሥራ ለሰው ሰጥቶ ማሽኑን አሳረፈው።

ረሂማ ከእራት በኋላ ትለማመድ ነበር። ወረቀት ማባከን አትወድም። አብዱልቃድር የፈታታውን ሬዲዮ ሲገጣጥም ከኋላው ትቀመጥና እነዚያን ፊደሎች በጣቷ ጀርባው ላይ ትጽፋለች። እሱም ሥራውን ሳይተው የጻፈችውን ይነግራታል። ተሳስቶ አያውቅም። ማሽኗ ግን ቶሎ ቶሎ ትሳሳታለች፤ የአንዱን ሰው ስም ሦስት ጊዜ ጽፋላት ሦስት የተለያየ ስም ታወጣለች። ረሂማም እየሳቀች፣ «ከሷ አንተ ትሻላለህ፤ ብቻ አንተን ተሸክሜ ጋፋት ድረስ መሄድ አልችልም» ትለዋለች። ያ ጣት ጀርባው ላይ የሚሄድበትን አካሄድ፣ ሲጀምር ጫን ብሎ ሲጨርስ ቀለል የሚለውን፣ አብዱልቃድር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጋፋት ላይ ጥላዬ የሚባሉ ገበሬ ገጠሟት። ማሳቸው ዳር ቆመው ዕድሜያቸውንና ቤተሰባቸውን ነገሯት፤ ዓይናቸውን ልታይ ስትጠጋ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ስሜን ጻፍሽው?» አሉ።

«ጻፍኩት፣ አባቴ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ጥላዬ ድቁና የጀመሩ ሰው ናቸው፣ ፊደል ያውቃሉ። ማሽኗን አቅርበውም አርቀውም አዩዋት።

«እናቴ ያወጣችልኝ ስም በዚህ አልተጻፈም» አሉ። «በፊደላችን ካልጻፍሽው ዓይኔንም አላሳይሽ።»

ረሂማ ቢጨንቃት ማሽኗን ትጎረጉር ጀመር። የመንደር መንገድ ለመንደፍ የተሠራች የሥዕል ገጽ አገኘች። እዚያ ላይ በብዕሩ «ጥላዬ» ብላ በትልቁ ጻፈች። ማሽኗ አላነበበችውም፤ ግን እምቢም አላለች። እንደ ሥዕል አድርጋ ያዘችው። ሰውዬው ስማቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አሁን የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አሏት። ረሂማ በዚያ ቀን ማታ ይህን ስታወራ ከሳቋ ብዛት መጨረስ አቅቷት ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ ማሽኖቹ ተሰበሰቡ። የረሂማ ማሽን ከበቅሎ ላይ ወድቃ ጠርዟ ስለተሰነጠቀ፣ አይሆነንም ብለው ለሷው መረቁላት። ከዚያ ወዲህ የሥዕሏ ገጽ የቤት ዕቃ ሆነች። ረሂማ የሚገዛውን፣ የሚመለሰውን፣ ያለፈባትን ሁሉ በአማርኛ ትጽፍባታለች፣ ሲያበቃ ታጠፋለች። እናቷ ኑሪያ መጀመሪያ ያዩ ቀን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ይኼማ ሉህ ነው» አሉ። የቤቱ ሰው በዚያው የረሂማ ሉህ እያለ ጠራት።

ኑሪያ አልተሳሳቱም። አብዱልቃድርም ልጅ ሳለ ቁርኣን የቀራው በሉህ ነው። ሉህ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ነው። ሸኹ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይጽፉለታል፣ ልጁ ደጋግሞ እየቀራ በቃሉ ይይዛል። መያዙ ሲረጋገጥ ሰሌዳው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ውኃውም እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፣ ከዛፍ ሥር ይፈሳል። በታጠበው ላይ ሌላ ይጻፋል። ያልያዘ ልጅ ሉህ ግን አይታጠብም።

ሶፊያ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል የረሂማ ድምፅ ይጎረንን ጀመር። ብርድ ነው ተባለ። የደብረ ታቦር ብርድ ብዙ ነገር ይመካኝበታል። በኋላ ግን ጉሮሮዋ ላይ የበቀለ ነገር መኖሩ ታወቀ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የተደረገላት ሁሉ ተደርጎ ስትመለስ ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከባሏ ጋር የተነጋገረችው በሉሁ ነው። «ሻዩ ስኳር በዝቶበታል» ትላለች፣ ታጠፋለች። «ሱቅህ ሂድ፣ እዚህ ተቀምጠህ ምን ታየኛለህ» ትላለች፣ ታጠፋለች። አብዱልቃድር ደብተር ገዝቶ ቢያመጣላት አልተቀበለችውም። ሕመሟን ወረቀት ላይ አስቀምጣ መሄድ አልፈለገችም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሱቅ ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። ማሽኗ ደረቷ ላይ ነበረች። አንሥቶ ቢያበራት ያልጠፋ ጽሕፈት አየ።

«ልጅቷ ስታለቅስ
ለእማ ስጣት። ሰው ነው የምትፈልገው።
በሩን ገርበብ አድርገው።
አልተኛሁም።»

በሩን ገርበብ አደረገው። ረሂማ በማግሥቱ አረፈች፣ አላህ ይዘንላት።

ከቀብር መልስ ገጹን ደግሞ ሲያየው ከመጨረሻው ቃል ሥር አንዲት ጭረት እንዳለች አስተዋለ። ከ«አልተኛሁም» ተነሥታ፣ ተወላግዳ፣ እስከ ታችኛው ጥግ ትወርዳለች። ብዕሩ ከእጇ ያመለጠበት ነው ብሎ አሰበ። ረሂማ መጻፍ እንኳ ያቃታት፣ እጇ የከዳት ሰዓት ያቺ ነበረች። እሱ በዚያች ሰዓት ሱቅ ተቀምጦ የሰው ሬዲዮ ይፈታ ነበር። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባበት አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ገጹን በከፈተ ቁጥር አውራ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳርፎ ጭረቷን ይሸፍናት ነበር።

እንዲህ ሃያ ዓመት ግድም አለፈ። እንደዚያ ያለ ማሽን ከዓለም ጠፋ፤ የሠራትም ድርጅት መኖሩን አብዱልቃድር አያውቅም። ድንጋይ ሲወጣ ለትንሽ ጊዜ ኃይል የምትይዘው የውስጥ ዕቃ ስትደክም ከሌላ ሬዲዮ አውጥቶ ተካላት። የፊቷ ሽፋን ሲጫጫር አጸዳው። ሌላ ሚስት አግባ ያሉትን ሰዎች ተቆጥቶ ሸኛቸው። ሶፊያን ያሳደጉለት ኑሪያ ናቸው፤ ልጅቷም እናት የምታውቀው እሳቸውን ስለሆነ «እማዬ» ትላቸዋለች።

ዓርብ ድንጋዩ ተቀይሮ በሩ ሲከፈት ማሽኗ ለኑሪያ ትሰጣለች። ኑሪያ ማንበብ አይችሉም። በጣታቸው ጫፍ ግን ገጹን ከላይ ጀምረው ቀስ እያሉ ይከተሉታል። ታች ጥጉ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። ይህ ፈገግታ አብዱልቃድርን ያበግነው ነበር። የልጃቸው እጅ የዛለበት ቦታ ላይ ምን ያስቃቸዋል ይላል በልቡ፤ በአፉ ግን ወጥቶት አያውቅም። ስለዚያ ቀን በዚያ ቤት ተወርቶ አያውቅም።

ሶፊያ ስልክ ከያዘች ጀምሮ፣ «አባባ፣ ፎቶ ላንሣው፤ አንድ ቀን ይጠፋል» ስትል ኖራለች።

«እኔ እያለሁ አይጠፋም» ይላታል።

«ለምን ታከርራለህ? አንዴ ብቻ።»

«ፎቶ የሚያነሡት ሊሄድ የተነሣን ሰው ነው። እሷን የትም አልሰዳትም።»

እልህ ነበር። በእጁ ሥራ የሚኮራ ሰው እልህ። ፎቶ ማስነሣት ማሽኗ እንደምትሞት ማመን መስሎ ታየው፤ ያንን ደግሞ የረሂማን ሁለተኛ ሞት አድርጎ ቆጠረው። ሶፊያ ተደብቃ ልታነሣው ብዙ ጊዜ አስባለች፣ አልደፈረችም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እብናት ያለችው ታላቅ እህቱ ታመመች ተባለና ለጉዞ ተነሣ። ሊወጣ ሲል ማሽኗን ከፍቶ አያት። ጽሕፈቱ ደብዝዟል። አዳዲሶቹ ድንጋዮች ሱቅ ናቸው፤ የሚሄድበት መኪና ደግሞ ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ዓርብም አልነበረም። ጨርቋን ጠቅልሎ ቦታዋ መለሳትና ለኑሪያ፣ «ድንጋዩ ደክሟል፣ እናቴ። ስመለስ እቀይረዋለሁ» ብሎ ወጣ። ድንጋዩ ወጥቶ መቆየት እንደማይችል ነግሯቸው አያውቅም። በሩን ዘግቶ የሚሠራውን ሥራ ለማንም አስረድቶ አያውቅም።

እህቱ ዳነች። እሱ ግን ለጥቂት ቀን ብሎ ሄዶ ከወር በላይ ተቀመጠ፤ በአካባቢው በተነሣ ግጭት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። በመጨረሻ የእህል ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍሮ ደብረ ታቦር ሲገባ የመጀመሪያ ሐሳቡ ድንጋዩ ነበር።

ሶፊያን ከአጥሩ ውጭ ስትጠብቀው አገኛት። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። ሳመችውና እጁን አልለቀቀችም።

«አባባ፣ እማዬን እንዳትቆጣት።»

«ማሽኗ ምን ሆነች?»

«ቃል ግባልኝ።»

«ልጄ፣ ምን ሆነች?»

ነገረችው። ኑሪያ ድንጋዩ ደክሟል የተባለውን ልብ ብለው ኖሯል። ሰውዬው ሲዘገይ ጭንቅ ገባቸው። እንደ አገሩ ልማድ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም እንደሚደረገው ሁሉ፣ ሁለቱን ድንጋዮች አውጥተው በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አደረጉና ከዶሮው ቤት ቆርቆሮ ላይ አሰጧቸው። ዝናቡ ፋታ የሰጠበት ቀን ነበር፣ ፀሐዩም ጠንክሯል። ማታ መልሰው ሲያስገቧቸው ማሽኗ በራች። ሶፊያ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ አያቷን በደስታ ተሞልተው አገኘቻቸው። ማሽኗን ስታይ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ልትነግራቸው ግን አቃታት።

አብዱልቃድር እጁን አስለቅቆ ወደ ቤት አመራ። ሲገባ ኑሪያ መስገጃቸው ላይ ነበሩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ» አሉ። «ና እስቲ። ያንተን ሥራ ሠርቼ ጠበቅኩህ። ደክማ ነበር፣ አነቃኋት።»

ማሽኗን ከጨርቋ አውጥቶ አበራት። ፊቷ ላይ አንዲት መስቀለኛ ምልክት ብቻ አለች፤ ከሥሯም በብዕር መሐሉን ንካ የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ። ከፋብሪካ እንደወጣች ነበረች። ብዕር የት ላይ እንደሚያርፍባት እንኳ ረስታ እንደገና አስተምሩኝ ትላለች።

«ይህንን እያሳየች እምቢ አለችኝ» አሉ ኑሪያ። «መክፈቱን እኔ አላውቅበትም። ክፈትልኝ፤ ናፍቃኛለች።»

ማን ነካካው የሚለው ያ የሱቁ ቃል ከንፈሩ ላይ ደረሰ። የሶፊያን ዓይን አየ።

«ዛሬ ደክሞኛል፣ እናቴ» አለ። «ዓርብ አሳይዎታለሁ።»

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። አልጋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ረሂማን ሲቀብር እንደዚያ አላለቀሰም። በኑሪያ ተናደደ፣ ከዚያ በመንገዱ፣ ከዚያ በመኪናው ጥሩምባ። በየተራ ተናዶ ሲጨርስ እሱው ራሱ ቀረ። ከበሩ ማዶ ኑሪያ ሶፊያን፣ «ምግቡን አሙቂለት፤ ከስቷል» ሲሏት ይሰማል። ልጃቸውን ቀብረው የልጃቸውን ባል ሃያ ዓመት የመገቡ ሴት ናቸው። በእጃቸው ያጠፉትን ቢያውቁ ምን ይሆናሉ ብሎ ሲያስብ ቁጣው በፍርሃት ተለወጠ።

በነጋታው ከሱቅ አዲስ ድንጋይ አምጥቶ አስገባ፣ ማሽኗ ንካ ያለችውን ነካ፣ የሥዕሏን ገጽ ከፈተና ብዕሩን አነሣ። ቃሎቹን አልረሳም፤ እነሱን በእንቅልፍ ልቡም ያውቃቸዋል። የጻፈው ግን የገዛ ራሱን ጽሕፈት ሆነ፣ የሬዲዮ ሠሪ ደረቅ ጽሕፈት። አጠፋው። ሌላ ጻፈ፣ አጠፋ። «ል»ዋ ወደ ግራ ዘንበል ትል ነበር፤ «ሩ» እግሯን ትጎትታለች። እነዚህን አስተካክሎም የረሂማ አልሆነም።

በሦስተኛው ቀን ብዕሩን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ጣት ጀርባው ላይ መጣ። ሲጀምር ጫን ይላል፣ ሲጨርስ ቀለል። በፈረንጅ ፊደልም ትጻፍ በአማርኛ፣ አሳሳቧ ያው ነበር። እጁን ለዚያ አካሄድ ለቀቀው። ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያዋ መስመር የረሂማ ነበረች። ሦስቱን በዚያው ቀጠለ። ጭረቷን ግን አልጻፋትም። ሸፍኖ የኖራትን ምን ብሎ ይመልሳታል። ለኑሪያ እጇ ያልከዳትን ልጃቸውን ሊሰጣቸው ፈለገ።

ሶፊያ ሻይ ይዛ ገብታ አየችው። ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ብዙ ቆመች።

«የሷ ነው» አለች በቀስታ። ከዚያ፣ «ልታታልላት ነው፣ አባባ?»

«ላሳርፋቸው ነው።»

ዓርብ ከሶላት መልስ በሩን ከፍቶ ወጣና ማሽኗን ለኑሪያ ሰጣቸው። ቢስሚላህ ብለው ተቀበሏት። ጣታቸው ከላይ ጀመረ፣ መስመር በመስመር ወረደ፣ ከ«አልተኛሁም» አለፈ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወዲያና ወዲህ ፈለገ። ፈገግ አላሉም።

«የልጅቱስ?» አሉ።

«የምን ልጅ፣ እናቴ?»

«የሶፊያ ነዋ። የሶፊያ ጭረት። እዚህ ጋ ነበረች።»

ኑሪያ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ሱቅ ነበርክ» አሉ። «ረሂማ ጽፋ ስትጨርስ ይቺ ጉደኛ እቅፏ ላይ ወጣችና ብዕሩን ቀማቻት። ቀምታ እንዲህ አርጋ ሳበችው። ረሂማ ሳቀች። ድምፅ የላትም እንጂ ትከሻዋ ሁሉ ይስቅ ነበር። ልታጠፋው ጣቷን አነሣች፣ ተመልሳ ተወችው። ልጅቱን አቅፋ እንደሳቀች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሶፊያን ከእቅፏ ያነሣሁ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ስታየው የኖርክ ሰው፣ ይኼን አታውቅም ነበር?»

አያውቅም ነበር። ሃያ ዓመት በአውራ ጣቱ የሸፈነው የረሂማን ሳቅ ነው። ይህ ሲገባው ከኑሪያ መስገጃ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ አንቱ ያዩት የኔን እጅ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የሷ ጠፍቷል።»

ኑሪያ ማሽኗን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሶፊያ ወደ አያቷ ተጠጋች።

«ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ባዋልኩት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ድንጋዩ እስኪደክም የተውኩት እኔ ነኝ። አውጥተው እንዳያቆዩት ያልነገርኩዎትም እኔ ነኝ። ሶፊያ ፎቶ ላንሣው ስትለኝ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ያዋልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ እናቴ።»

እንባቸው ወረደ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያም እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ልጅ ሆነህ ሉህህ ሲታጠብ አልቅሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለምን?»

«ይዤው ስለነበር ነዋ።»

«ይኼንንስ አልያዝከውም? ሳትይዘውማ እኔን ልታታልል አትነሣም ነበር።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «አብሽር ልጄ። አብሽር።»

ከዚያ ማሽኗን ከነብዕሯ ለሶፊያ ዘረጉላት።

«ነይ» አሏት። «ያንቺን አንቺው ጻፊ።»

ሶፊያ ብዕሩን ያዘች። ከ«አልተኛሁም» ሥር ጀምራ፣ ተወላግዳ፣ እስከ ታችኛው ጥግ ሳበችው። ከዚያ ገጽ ላይ ያ ጭረት ብቻ ነው ያኔም አሁንም በዚያው ሰው እጅ የተሳበው። የኑሪያ ጣት ከኋላ ከኋላዋ ተከተለ፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው ፈገግ አሉ።

አብዱልቃድር ማሽኗን ተቀብሎ ተነሣና መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ የተሻለ ከሆነበት ቆመ። በሁለት ጣቱ ጎንና ጎኗን ያዛት። አውራ ጣቱን ጥጉ ላይ አላሳረፈም።

«በይ» አላት ሶፊያን። «ስልክሽን አምጪና አንሺው።»